አባባ ጥር 6 ሻማ ያበሩት ለማን ነበር?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም ስለ ሽማግሌዎች ሕይወት ስለሚጠይቁ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል። ላሳጥረው ሞክሬ የቱን እንደምቆርጥ ስላጣሁ እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አባቴ ኅዳር 2017 በ85 ዓመታቸው አረፉ። የዘጌ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ከዚያ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ሠሩ። እናቴና እኛ ልጆቹ ባሕር ዳር ነበርን። እሳቸው በየዓመቱ ለጥምቀት ፈቃድ ወስደው ይመጡ ነበር፣ ልክ ስንለምዳቸው ደግሞ ይመለሳሉ።

በቀብራቸው ዕለት የዕድራችን ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። ከእገሌና ከእገሊት ተወለዱ፣ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች አገራቸውን በቅንነት አገለገሉ፣ ትዳር መሥርተው 4 ልጆች አፈሩ፣ አለቀ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ቆሜ ስሰማ አባቴን እዚያ ውስጥ አጣኋቸው። አሁን ሙት ዓመታቸው እየደረሰ ስለሆነ ፎቶ ያለበት ትንሽ ጽሑፍ አሳትመን ለዘመድ ልናድል አስበናል። ችግሩ ስለ ሥራቸው ብዙ አያወሩም ነበር። ያለን ይሄ ነው።

አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ትተዋል። ውስጡ ነጭ ዩኒፎርም ለብሰው የተነሱት ፎቶ አለ፣ ከኋላቸው ትልቅ መርከብ ይታያል፣ ጀርባው ላይ «ምጽዋ 1957» ይላል። በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሥራ መታወቂያም አለ፣ ቀኑ ግን ጠፍቷል። አንድ ክንድ የሚሆን ገመድ አለ፣ አምስት ቦታ ተቋጥሯል፣ አምስቱም ቋጠሮ የተለያየ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እዚህ ሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር ይጠግኑ ነበር። «እዚህ አገር ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል» ይላሉ፣ እኛ ቀልድ ይመስለን ነበር። ጥር 6 ማታ ደግሞ ሁሌ ሻማ ያበራሉ። እናቴ የሥላሴ ዋዜማ ስለሆነ ነው ትላለች፣ እሳቸው ሲጠየቁ ዝም ነው። በ2009 አዲሱ ባቡር ሲመረቅ በቴሌቪዥን እያዩ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ከዚያ ትንሽ አራራቁና «ሰፋ» አሉ። ምኑ እንደሰፋ አልገባንም።

ወንድሞቼ «ካፒቴን» ተብሎ ይጻፍ ይላሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴኑ ነው የሚላቸው። እኔ መኮንን እንዳልነበሩ አውቃለሁ፣ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ምን ትመክሩናላችሁ?

የካፒቴኑ ልጅ

መልስ

እህቴ፣ እግዜር ያጥናችሁ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ያለን ይሄ ነው» ብለሽ የዘረዘርሻቸው ነገሮች ላንቺ ጥቂት መስለውሽ ነው እንጂ እኔ ሳያቸው ብዙ ናቸው።

ከ«ሰፋ» ልጀምር። አባትሽ በእጃቸው የለኩት ሐዲዱን ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ያስቀመጡት በድሮው ልክ ነው፣ ያራራቁት ደግሞ በአዲሱ። ከድሬዳዋ ከወጡ 20 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ሜትር ሳይዙ፣ ቡና በሚጠጣበት ጠረጴዛ ላይ! ይሄን ጻፉት። ለእኔ እንደነገርሽኝ አድርጋችሁ ጻፉት፣ ጠረጴዛውም ቴሌቪዥኑም «ሰፋ» የምትለዋ ቃልም ትግባ። ዕድሩ ባነበበው ግማሽ ገጽ ላይ ያጣሻቸው አባትሽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አሉ።

ለልጆቻችሁ ስለ መስመሩም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፣ የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሊወጣላት አልቻለም፣ ከሥሯ ሜዳው ላይ አለፈ፣ እዚያ ያረፈበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። ወርክሾፑም ሠራተኛውም እዚያ ነበር። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ አፋፍ ሲደርስ መስመሩ ተቆርጦ፣ ድልድዮቹ ፈርሰው ነበር። አባትሽ በዚያ ጊዜ እዚያ ነበሩ፣ እናንተ ደግሞ እዚህ። እናትሽ ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፉት ጠይቂያቸው። ደብዳቤ ይደርሳቸው ነበር? በሰው በኩል ነው የሰሙት? የአባት ታሪክ ሲጻፍ የእናት ጥበቃ ሁልጊዜ ይረሳል።

መታወቂያው በፈረንሳይኛ መሆኑ ግራ አይግባሽ። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሃር» የምንለውም የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው። ቀኑ ቢጠፋም ስሙ ይነግርሻል። ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ፈልጊና የድርጅቱን ስም ያንብብልሽ። «ፍራንኮ ኤትዮፒየን» ካለ የድሮው የኢትዮ-ፈረንሳይ ኩባንያ ነው። «ጅቡቶ ኤትዮፒየን» ካለ ግን ኩባንያው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ከሆነ በኋላ የተሰጠ ነው። ሙሉውን የአገልግሎት ዘመን ከፈለጋችሁ የጡረታ መወሰኛ ደብዳቤያቸውን ፈልጉ። እዚያ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ ይጻፋል፣ የውትድርናውም ዘመን ተቆጥሮላቸው ከሆነ ታገኙታላችሁ። እናትሽ የጡረታ አበል የሚቀበሉ ከሆነ ወረቀቱ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ አለ።

ወደ ፎቶው። በ1957 ምጽዋ ላይ ትልቅ መርከብ ሲባል መጀመሪያ የምትታሰበኝ «ኢትዮጵያ» ናት፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካኖች በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል የሠሯት ናት፣ ርዝመቷ ከ90 ሜትር ይበልጣል። በ1954 ለእኛ ተሰጠች። ሠልጣኞች የሚወጡባት እሷ ላይ ነበር። መለያዋ «ኤ 01» ስለሆነ በማጉያ መነጽር ጎኗን እዩት። ግን አደራ፣ ሳታረጋግጡ ስሟን እንዳትጽፉ። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን የብዙ አገር የጦር መርከቦች ምጽዋ ይመጡ ነበርና ከኋላቸው ያለችው እንግዳ ልትሆን ትችላለች።

ገመዱን እንዳትፈቱት! አምስት ዓይነት ቋጠሮ በአንድ ገመድ ላይ ካለ የልምምድ ገመድ ይመስለኛል፣ ባሕረኛ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ቋጠሮ ነው። ፎቶ አንሱትና ጽሑፉ ላይ አስገቡት።

አሁን ስለ ሻማው። እዚህ ላይ ስደርስ እጄ ከበደኝ።

ጥር 6 ቀን 1977 በድሬዳዋና በአዲስ አበባ መካከል ይጓዝ የነበረ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጣ። ቦታው ገደል ላይ የተሠራ፣ መንገዱ የሚጠመዘዝበት ድልድይ ነው። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ነበረበት፣ አልቀነሰም። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው።

አባትሽ በዚያ ዓመት የምድር ባቡር ሰው ነበሩ፣ ያውም የሞተር ሰው። እኔ ሻማው ለእነዚያ ሰዎች ይመስለኛል። በማግስቱ ሥላሴ መሆኑም እውነት ነው፣ እናትሽ ያሉት ስህተት ነው አልልም፣ ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። ግን እናትሽን ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ ሻማውን ከ1977 በፊትም ለጥምቀት ሲመጡ ያበሩ ነበር ወይ? ሁለተኛ፣ በ1977 ለጥምቀት ቤት መጥተው ነበር ወይ? ያን ዓመት ሳይመጡ ቀርተው ከሆነ ለምን እንደቀሩ አሁን የምታውቂው ይመስለኛል። ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ ቡና አፍልተሽ፣ ልጆቹ በሌሉበት። ስልክሽ ድምፅ ይቅዳ፣ ግን አስፈቅደሻቸው።

ድሬዳዋ ውስጥ የድሮ የምድር ባቡር ጡረተኞች አሁንም አሉ። ከእናንተ አንዱ ሄዶ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። የድሮው ጣቢያ አካባቢ ሄዶ የአባትሽን ስምና የሠሩበትን ክፍል ቢናገር «አውቃቸዋለሁ» የሚል ሰው ይገኛል ብዬ አምናለሁ። መሄድ ካልቻላችሁ ፎቶውን ለሚሄድ ሰው ስጡ። ግን ቶሎ አድርጉት፣ እነሱም ሽማግሌዎች ናቸው።

የሐይቁ ዳር ዘመናቸውም እንዳይዘለል። «ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል» ያሉት ቀልድ አይደለም፣ የሙያ ንግግር ነው። ምጽዋ ከባሕር ወለል እኩል ናት። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከምጽዋው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። አየሩ ሲያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጁ ካልተስተካከለለት ጥቁር ጭስ ይተፋል። ወደ ዘጌ የሚሄዱ አንዳንድ ጀልባዎች ሲነሱ ጥቁር ጭስ የሚለቁት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አባትሽ ሙቀቱና ጨው ውኃው ብረት በሚበላበት ምጽዋ ሞተር ተምረው፣ አዋሽ በረሃ ላይ ባቡር ሲጠግኑ ኖረው፣ ሲያረጁ ጨው የሌለው ውኃና ስስ አየር ላይ መጡ። ሦስቱም ቦታ ሞተሩ ያው ናፍጣ ነው፣ የሚያስቸግረው ነገር ግን የተለያየ ነው። ከ2004 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ። ያ አረም በጀልባው መቅዘፊያ ላይ ይጠመጠማል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውኃ መሳቢያውን ይዘጋል። አባትሽ ይሄንንም ሳያዩት አልቀሩም። ወደቡ ላይ ያሉትን የጀልባ ልጆች ጠይቋቸው። እነሱ ከእናንተ ከልጆቻቸው የበለጠ ያውቋቸው ይሆናል፣ አይክፋችሁ። በየቀኑ አብረዋቸው የዋሉት እነሱ ናቸው።

«ካፒቴን» የሚለውን በተመለከተ ከአንቺ ጋር ነኝ። ማዕረግ አድርጋችሁ አትጻፉት። ጽሑፉ እጃቸው ከሚገባ ሰዎች መካከል የድሮ ባሕረኛ ሊኖር ይችላል፣ ያ ሰው የመጀመሪያው መስመር ላይ ውሸት ካየ የቀረውን እውነት ሁሉ አያምንም። «የሰፈሩ ሰው ካፒቴኑ እያለ ይጠራቸው ነበር» ብትሉ ግን ንጹሕ እውነት ነው፣ ወንድሞችሽም ደስ ይላቸዋል። ከሥሩ «የሞተር ክፍል ባለሙያ ነበሩ» በሉ። ሞተር ክፍል ማለት ከመርከቧ ሆድ ውስጥ፣ ባሕሩ በማይታይበት፣ ምጽዋ ላይ ያለው ሙቀት እጥፍ በሚሆንበት ቦታ መሥራት ነው። መርከቧ የምትሄደው በእነሱ ነው።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ የራሴ ቁጭት ነው። የአያቴ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ «በግል ሥራ ይተዳደሩ ነበር» ተባለ። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በደንገል ታንኳ ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት ያመላለሱ ሰው ናቸው። ታንኳ የሚለው ቃል አልተነሳም። ውኃ የሚለው ቃል አልተነሳም። ያን ወረቀት የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም፣ ሁላችንም እንደለመድነው ነው የጻፈው። ስለዚህ «ከእገሌና ከእገሊት ተወለዱ» የሚለውን አታጥፉት፣ ዘመድ ይፈልገዋል፣ ግን ወደ ኋላ አድርጉት። ከእጃቸው ጀምሩ። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡት ሁለት እጆች። «በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች» የሚለውን አውጡና ምጽዋ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር ብላችሁ በስም ጻፉ። «በቅንነት አገለገሉ» ከማለት ምን እንደጠገኑ ተናገሩ። ስታሳትሙ ከሕትመቱ በፊት አንድ ጊዜ ለእናትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። «እሱስ እንዲህ አልነበረም» የሚሉበት ቦታ ካለ አስተካክሉት።

እናትሽ ስለ 1977 የሚሉሽን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ለዓምዱ አይደለም፣ ለራሴ ነው።

ጥያቄ

እኔ ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ቀበሌ 14 ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አባት የድሮ ባሕር ኃይል ነኝ ይላሉ። ስለ 1983 ሲያወሩ ዕንባቸው ይመጣል። ያኔ ምን ሆኖ ነው? ባሕር የሌለው አገር ባሕር ኃይልስ እንዴት ነበረው?

መልስ

ባሕር ነበረን፣ የኔ ወንድም። በ1945 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትዋሃድ ቀይ ባሕር መጣ፣ ባሕር ኃይሉ በ1940ዎቹ መጨረሻ ተቋቋመ። መጀመሪያ ካሠለጠኑት መካከል ኖርዌዮችና እንግሊዞች ነበሩ። ዋናው ሠፈር ምጽዋ ነው፣ አሰብና ዳህላክም ነበሩ። በየካቲት 1982 ምጽዋ ተያዘች። በግንቦት 1983 ደግሞ ሁሉም ነገር ሲፈርስ የተረፉት መርከቦች ባሕረኞቻቸውን እንደጫኑ ባሕሩን ተሻግረው ወጡ፣ ብዙዎቹ የመን ገቡ። ከላይ ያነሳኋት «ኢትዮጵያ» ከእነሱ አንዷ ናት። ተመልሳ አልመጣችም፣ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በ1985 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፣ ጥቂት ቆይቶ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ። እንደገና እንደሚቋቋም መንግሥት የተናገረው በ2010 ነው።

ጎረቤትህ የሚያለቅሱት ለዚህ ይመስለኛል። መርከብ ላይ የኖረ ሰው ቤቱም ሥራውም ጓደኞቹም እዚያው ናቸው፣ በአንድ ሳምንት ሁሉም ሄደ። ስለ ፖለቲካው አትጠይቃቸው፣ እሱን ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። የየትኛው መርከብ ሰው ነበሩ? የት ነበር የሚተኙት? ጠዋት ምን ይበሉ ነበር? እንደዚህ ጠይቃቸው። ደግሞ ወደ ጣና ይዘሃቸው ውጣ። እኛ አገር ጣናንም «ባሕሩ» ነው የምንለው፣ ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው፣ እሳቸውም ቅር አይላቸውም።

ጥያቄ

ከጎርጎራ ነው የምጽፈው። የአያቴ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለን፣ ባቡር ጣቢያ ቆመው የተነሱት። ቤታችን ሐይቁ አጠገብ ስለሆነ እርጥበት ገብቶበት ፎቶው ከክፈፉ መስታወት ጋር ተጣብቋል። እንዴት ላላቅቀው?

መልስ

አታላቅቂው እህቴ። በጉልበት ከሳብሽው ፊታቸው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ውኃም አታስነኪው፣ ፀሐይ ላይም አታውጪው። አሁኑኑ ከነመስታወቱ በስልክ በደንብ ፎቶ አንሺው። መስታወቱን ከውጭ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ፣ በር አጠገብ ጥላ ቦታ አስቀምጪው፣ ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ፍላሽ አጥፊ። ነጸብራቅ ካስቸገረሽ አንድ ሰው ጥቁር ነጠላ ወይም ጋቢ ከስልኩ ኋላ ይያዝልሽ። በስልክ ያነሳሽውን ባሕር ዳር ካሉት የፎቶ ቤቶች አንዱ በአዲስ ወረቀት አጥቦ ይሰጥሻል። ሁለት አሳጥቢ፣ አንዱን ለሩቅ ዘመድ ላኪ።

የድሮው ከነመስታወቱ ይቆይ። ከግድግዳው ግን አውርጂው፣ እርጥበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።